የተቀደደ ካልሲ

ፊንላንድ፣ ኬሚ። ቀኑ በዘጠኝ ሰዓት መሽቶ፣
ቬይኮ ያን ሕንፃ ሦስቴ ዞረው፣ ደጁ ድረስ መጥቶ።
አንዴ «አድራሻው ጠፋኝ» አለ፣ ወረቀቱን ይዞ በእጅ፤
አንዴ አካፋ አንሥቶ በረዶ ጠረገ፣ ከማያውቀው ሰው ደጅ።

በሦስተኛው በሩ ተከፈተ።
«ጫማህን አውልቅ» አለችው ኢርሜሊ።
ያኔ ልቡ ከዳው።

ለማውራት ተዘጋጅቶ ነበር፣ ለማልቀስም እንኳ፤
የግራ ካልሲው ግን፦ አውራ ጣቱ ወጥቶ
እንደ ሰካራም በመስኮት ያያል።

እግሩን ከወንበር ሥር ሸሸገ።
ፊት ለፊቱ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ
(ድሮ መንጃ ፈቃዱን የነጠቁት)
«ካልጠጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ» አሉ።
የሳቸውም ካልሲ ተረከዙ ተበልቷል።

ቬይኮ ቀስ ብሎ እግሩን አወጣው።
«ቬይኮ ነኝ» አለ፤
ቀሪውን ለመጪው ማክሰኞ አሳደረው።