ግማሽ ሰዓት

የትምህርት ቤቱ በር ሰንሰለት ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ፣
የሰልፉን ሜዳ ሣር ዋጠው፤ ዛገ የደወል ብረቱ።
እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁ፣ ትምህርቴን ችግር ወስዶ።

ልጄን ይታይሽን ከስፌት መኪናው ጎን አስቀመጥኳት፤
መጽሐፍ ገልጬ «ገጽ አሥራ ሁለት፣ አንብቢ» አልኳት።
አነበበች። ዓይኗ ግን ሲሚንቶው ላይ ነበር፣
የደጃፉ ሸራ ጥላ ስንጥቁን ሲሻገር።

«አባ፣ ጥላው ለምን ይሸሻል?»
«ፀሐይ ስለምትሄድ ነዋ።» «ፀሐይስ ለምን?»
«ዝም ብለሽ ብታነቢ ይሻላል።»

እሷ ዝም አለች፤ ጥያቄው ግን ዝም አላለም፤
ማታ ከአልጋዬ ድረስ መጣ። መልሱ እኔም ዘንድ የለም።

በሳምንቱ መሪጌታ ውብዓለም ካባቸውን ሊያሳጥሩ መጡ፤
ጥያቄዋን ሰምተው ሳቁ፣ ዱካው ላይ ሳይቀመጡ።
«እኛ ቅኔ ቤት ሳለን» አሉ «ሰዓት መች ነበረን?
ጥላችንን ነው እንጂ በጫማ የቆጠርን።»

ጠዋት ሦስት ሰዓት ወጣን፤ ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን፣
እኔ ለሷ፣ እሷ ለኔ፣ በልብስ ጠመኔ ምልክት አበጅተን።
በሜትር የኔ ረጅም፣ የሷ አጭር፤ ይህ ግልጥ ነው።
«በጫማ» አለች። ተረከዝ ከጣት እያገጣጠምን ሄድነው፦
የኔ ሰባት።
የሷም ሰባት፣ አንድ ጣት ሲቀር።
ሃያ ዓመት ሰው ስለካ፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እግር፣
ሰው በራሱ ልክ እንደተሰፋ፣ ትንሽ እግር ለትንሽ ጥላ፣
ማን አሳየኝ? የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ።

ያችን የጎደለች ጣት ለመጻፍ ክፍልፋይ አስፈለገን፤
እሷ አልደረሰችበት፣ እኔ ረስቼው፣ አብረን ተደናገርን።
ያው መጽሐፍ ነበር። ገጽ ሠላሳ አንድ። ማንም ሳያዛት ገለጠች፤
ጣቴን እያስቀደምኩ ስሮጥ፣ «ቀስ በል» አለች።

እናቷ ከገበያ ስትመለስ ሲሚንቶው በጭረት ተዥጎርጉሮ፣
«የሰው ሱሪ ሳይቆረጥ ጥላ ትቆርጣለህ ዘንድሮ?»

ሁሌ እንዲህ አልነበረም። ከጎረቤት ድመት ጋር የዋለች ቀን አለ፤
ስጠራት «ዛሬ ጥላ ሰለቸኝ» ስትለኝ ፊቴ ከሰለ።
ጭረቱን ብቻዬን አሰመርኩ። ማን ተማሪ ነው? ማን መምህር?
«ቀሪ» ልላት አሰብኩ፤ መዝገቡ ግን በሷ እጅ ነበር።

ከጥር እስከ ሚያዝያ የቀትር ጥላ በየሳምንቱ ሲያጥር፣
አራት ጫማ፣ ሁለት፣ ግማሽ፣ እንደሚያልቅ ጥቅል ክር፣
ሚያዝያ አሥር ስልኬ ስድስት ሲል መንገዱ መሐል ቆመናል፤ ጥላችን ግን አለ፣
ወደ ምዕራብ ትንሽ ያዘነበለ።
«ስልክህ ቸኩሏል» አለች። «ስልክ አይቸኩልም» አልኳት።
ባለባጃጁ «መንገድ!» አለ።
ከአንገትጌዬ መርፌ ነቅላ የሳሙና ቁራጭ ላይ አቆመች፤
ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን መርፌዋ ያለ ጥላ ቀረች።

አርባ ዓመት በዚህ ሰማይ ስር፣ እንዲህ ያለ ቀትር አላየሁ፤
«ይታይሽ» ብዬ ስም አወጣሁላት፤ እኔ ጨፍኜ ቆየሁ።

«ለምን ልክ ስድስት ላይ አልሆነም? ግማሹን ሰዓት ማን ወሰደው?»
አላውቅም። አምና ቢሆን «ዝም በይ» ነበር የምለው።
«እንፈልግ» አልኩ።
መሪጌታም አያውቁ፤
«በኛ ጊዜ ፀሐይ አትዘገይም ነበር» ብለው ሳቁ።

ግንቦት ገባ። ጥላው ዞሮ ፊቱን ወደ ዓባይ መለሰ፤
ሰሜን ሰሜን የለመደው ወደ ደቡብ ፈሰሰ።
ከዚያ ዝናቡ መጥቶ ጭረቱን ሁሉ አጠበው፤
በደብተሯ ያለው ቀረ፣ የኔን ጎርፉ ወሰደው።

ትምህርት ቤቱ ይከፈታል ይላሉ፣ ከሆነ፣ በመስከረም፤
ዩኒፎርሟን ሰፋሁ፤ ጠርዙን አራት ጣት አጠፍኩ፤ ልጅ ባለበት አይቆምም።

ትናንት ደመናው ቢገልጥ፣ ብቻዬን፣ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠምኩ፣
መሬት መሬት እያየሁ ከሱቄ ደጅ ቆምኩ።
ኮቱን ሊወስድ የመጣ ሰው «ምን ጠፋብህ?» አለኝ በትዝብት።
ቀና ሳልል መለስኩለት፦
«ግማሽ ሰዓት።»