ከዜሮ በታች

ራውተሩ በፊት ፍሪጅ ላይ ነበረ፤
ቀጥሎ መስኮት ላይ፤ ቀጥሎም በፌስታል
ከመጋረጃው ዘንግ ተንጠልጥሎ አደረ።
አንዲት መስመር በራች፣ ሁለተኛዋ መጣች፤
የጎረቤት በር ሲጋጭ ደንግጣ ወጣች።

እንጀራዬ ድምፅ ነው፤ የማላውቀው ሰው ወሬ፤
ሳሉን፣ ጉርምርምታውን
በጆሮዬ ለቅሜ፣ በጣቴ ዘርዝሬ፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት ልልከው ስሞክር
ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቀጥ ይላል፤ አይሰግር፤
እንደ ልግመኛ በቅሎ ድልድይ መሃል ሲደርስ
አይሄድ፣ አይመለስ።

ቤታችን ሽምብጥ ነው፤ ማማው በዛዊት ላይ።
ሩቅ አይባልም ነበር ለሚሄድ በሰማይ፤
ግን መሃል ላይ አለ ክረምት የጠገበ
የወይዘሮ ደብሬ ማንጎ፣ ቅጠሉ ውኃ አዝሎ
አየሩን እንደ አጥር ዙሪያ የገደበ።
ይቆረጥ አይባል፤
ፍሬው በየዓመቱ በሳፋ ይመጣል፤
አፋችን በጣፋጭ ተዘግቶ ይቀራል።

እቁቤ ሲደርሰኝ አንቴና ገዛሁ፤
ዐሥር ሜትር ገመድ፣ ብሎን የጎደለው መያዣ ጨምሬ፣
ጫፉ ከባጃጁ ወጥቶ ሰው እየፈራው መጣሁ።
አባቴ ገልብጦ አየው፤ የዓሣ አጥንት መሰለው።
«ሥጋውን ማን በላው?»
አለኝ። ከሦስት ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ጋሽ ይርሳው ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት
ጎርጎራ ሲመላለስ መሪ ጨብጦ በጀልባ፣
ጭጋግ በሸፈነው የዘጌን ዳር ያውቅ ነበር
በእርጥብ ቅጠል ጠረን።
ከዚያ ጡረታ ወጣ። እናቴም አረፈች።
ቃሉን እንደ ናፍጣ ይቆጥባት ጀመር።

«አንቺ ቁጥር አንብቢ» ብሎኝ ወጣ ቆርቆሮው ላይ፣
ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲ፣ በዚያ ፀሐይ።
«ስንት ነው?»
«ሲቀነስ መቶ አራት።»
«ብዙ ነው። ጥሩ ነው።»
«አይ አባ፣ ሲያንስ ነው የሚሻል፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ።»
«ዕዳ ነው እንዴ ታዲያ?»
«እንደ ዕዳ ቁጠረው።»

ወደ በዛዊት አዞረው። መቶ ሁለት። መቶ።
እንደገና መቶ አራት፤
የከተማው ሰው ሁሉ አንድ ማማ ላይ ታክቶ።
ጣራው ዝም አለ። ደከመው መሰለኝ።
ፊቱን አዞረ፤ እጁም ከፊቱ ጋር ዞረ፣
በሁለት ፎቅ መሃል
እንደ ነጠላ ጥለት ውኃው ወደሚታይበት።
«ዘጠና! ሰማንያ ስምንት!
ሰማንያ ሦስት! አባ፣ እንዳትነቃነቅ!»

አልተነቃነቀም።
ውኃ ላይ ማንጎ የለም፤ ውኃ ላይ አጥር የለም።
«ዘጌ ነው» አለ ከላይ፣ ማንም ሳይነግረው፤
እዚያ ማማ መቆሙን የሰማም አይመስለኝም።
ብሎኑን ሲያጠብቅ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤
ከሚገባው በላይ። መሰላሉን ይዤ ጠበቅሁት።

ግድግዳውን በሳው። እናቴ ብትኖር
ሁለታችንንም ውጭ ታሳድር ነበር።
ገመዱን ከቀዳዳው አሳልፎ ቁልቁል ለቀቀው፤
እንደ ሐብል አጥፎ፣ ሽቅብ መልሶ አስገባው።
«ለምን?» አልኩት።
«ውኃ ሽቅብ አያውቅም። እዚህ ጋ ይንጠባጠባል፤
ቤትሽ አይገባም።»

ያን ሌሊት ስልከው አርባ ሰከንድ ፈጀ።
መቶ በመቶ።
በተረፈኝ ሌሊት ምን እንደምሠራ ጠፋኝ፤
ካፊያው ከሐብሉ ላይ ጠብ ሲል ሰማሁት።

አሁን ጠዋት ጠዋት አንድ ዓሣ አጥማጅ ወፍ
ከአጥንቱ ላይ ያርፋል፤ ሁለት ቁጥር ይበላል።
አባቴ ከግቢ ቆሞ ያጨበጭባል።
ማታ ደግሞ፣ ስልክ ይዞ የማያውቅ ሰው፣
በሬን ገፋ አድርጎ፦
«ስንት ነው ዛሬ?»
«ሰማንያ ሦስት።»
«ከዜሮ በታች?»
«ከዜሮ በታች።»
«እንግዲህ ንፋስ የለም ማለት ነው» ይላል፤
ሄዶም ይተኛል።