ያልበቀለ ጥርስ

ፎቶ አንሺው ከአሩሻ በሞተር ብስክሌት መጣ፤
ሰባተኛ ክፍል በሙሉ ከግራቪሊያው ስር ወጣ።
«ሳቁ!» አላቸው፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፤
ሳቁ። የኔዋ ብቻ፣ መዳፏ ከአፏ ላይ ሆኖ
ቀረ።
ፎቶው ይኸው። ሁለት ሺህ ሽልንግ ከፈልኩበት፤
አርባ ሦስት ልጅ፣ አንድ እጅ። ያን እጅ እኔ ወለድኩት።

ስሟ ውስጥ ደስታ የሚል ቃል አለበት፤
አባቷ ነው ያወጣላት፣ ዝናብ በዘነበ ለት።
በከሰል ፈገፈግኩላት፣ በአመድ፣ በሎሚ ውሃ፤
ቡናማው አልለቀቀም። ዝም አለች ኤሊፉራሃ።
ጎረቤት፣ «ጥርሷን አትፍቅም» አለ፤ አማቴ፣ «የናንተ ዘር ነው» አለች፤
የሰንበት አስተማሪዋ ደግሞ ጸሎት አዘዘች።

ጥቅምት ላይ የጥርስ ሐኪሙ ኪሜይ ከወረዳ መጣ፤
አፏን በባትሪ አይቶ ወደኔ ዞረ። ሳይቆጣ፣
«ቦሎቄ በምን ታበስያለሽ?» አለ።

ሳቅኩ። ጥርስ ሊያይ የመጣ ሰው ስለ ድስት ይጠይቃል?
በመጋዲ ነዋ! ያለሱማ ማን ያበስላል?
ከሐይቅ ዳር ተጭሮ መጥቶ፣ ኪካቲቲ በጣሳ የሚሰፈር፣
ግራጫ፣ ጨው የሚመስል፣ ምላስ የሚቆጠቁጥ አፈር፤
አንድ ጭብጥ ጣል ሲሉበት ድንጋይ የነበረው እህል
በግማሽ ሸክም ማገዶ እንደ ቅቤ ይቀልጣል።
እናቴም እንዲሁ፣ የናቴም እናት። ልጄ ድዷ ባዶ ሳለ
ማካንዴውን አልሜ አጎረስኳት፤ አፌ «እንኪ፣ ዋጪ» እያለ።

«ፍሎራይድ ነው» አለ ኪሜይ። «በልኩ ሲሆን ጥርስ ያጠናል፤
ሲበዛ ግን፣ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ ያበላሸዋል።
የምንጩም ውሃ አለበት፤ በዚያ ላይ ደግሞ መጋዲው...»
ቀሪውን አልሰማሁትም። ጆሮዬ ውስጥ ድስቴ ነበር የሚንተከተከው።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ሰው፤ ሆድ ሲያር እሱ ይስቃል።
የልጄ ጥርስ ባዳ አይደለም፤ ከኔ በላይ ቤቴን ያውቃል።
ምን እንዳበላኋት፣ በየትኛው ዓመት፣ ስንት ጭብጥ፣
መስመር በመስመር ጽፎ ይዞታል፤ አንድ ሳይደልዝ፣ ሳይገለብጥ።

ለሷ አልደረስኩም። የበቀለ ጥርስ ወደ ድድ ተመልሶ አይሠራም።
ሐኪሙ፣ «ከተማ ይለብጡታል» ብሎ፣ ዋጋውን ግን አልጠራም።
አናኤሊ ግን፣ ታናሿ፣ ሁለት ዓመት ገና ያልደፈነው፣
ሲስቅ የሚያሳየኝ ሩዝ የመሰለው የወተት ጥርሱን ነው፤
ዋናው ከሥር ነው፣ ጨለማ ውስጥ፣ እንደተዘራ ዘር፣ የኔን ድስት የሚጠብቀው።

እናም ማክሰኞ ከገበያ ጣሳዬን ባዶውን መለስኩ።
ቦሎቄውን ከዋዜማው በዝናብ ውሃ ዘፈዘፍኩ።
ማገዶው አለቀ፤ ዳግም ወጣሁ፤ ወገቤን አመመኝ።
«ጠጠር ነው» ብሎ ባሌ ሳህኑን መለሰልኝ።
እሳቱን አልተውኩም፤ እንጨት በእንጨት ላይ ጨመርኩ፤
ላላየሁት ጥርስ እስከ እኩለ ሌሊት ማገድኩ።

ትናንት ኤሊፉራሃ አንዷን ፍሬ ጨልፋ፣ እፍ ብላ አቀዝቅዛ
ነከሰች። ቀጭ አለ። «እማ፣ ይሄስ ያሉኝንም ሊሰብር ነው!»
ሳቀች፤ በቀኟ ማንኪያ፣ በግራዋ ወንድሟን ይዛ።