ተጠያቂ

ከሰል ባለቀበት ባፓላቺያ መንደር፣
በትምህርት ቤቱ በር አንዲት ፊደል ነበር፤
ግዛቱ የላካት፣ “ወድቋል” ልትል ላገር።

ዴልበርት፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እርሳሱን ነክሶ፣
አንደኛው ጥያቄ ላይ አንገቱን ቀልሶ፣
ከመመለሱ በፊት
አስመለሰው።

መምህርቷ ኦርሊና ጓንት አጠለቀች፣
እርጥቡን ወረቀት በላስቲክ ቋጠረች፣
ቁጥር ጻፈችበት።
ደንብ ነው፤ ምስጢር ነው፤ ቢበላሽ አይጣል፤
ከነጠረኑ ወደ መዲናው ይላካል።

“ተጠያቂነት” ይላል የአዋጁ ርእስ፤
የተጠየቀው ግን፣ እስካሁን ድረስ፣
ዴልበርት ብቻ ነው።

ዘንድሮ አዋጁ ተሻረ። መፍቻ ይዘው መጥተው
ፊደሏን ነቀሏት።
ፀሐይ ያላገኘው የበሩ ቀለም ግን
ቅርጿን ይዞ ቀረ፤
ዴልበርት በጣቱ እየተከተለ፣
ጮክ ብሎ፣
አነበባት።