ያልተቀባው ቦታ

ነስፔለም፣ መጋቢት፤ በረዶው ቀለጠ፣
ጂሙ ሙሉ ጭቃ፣ ሰው እየረገጠ።
ከኳስ መረቡ ሥር ረጅም ጠረጴዛ፣
ካርታዬ ተነጥፎ በአምፖሉ ወዛ።
የሃያ ዓመት ዕቅድ ለደኑ፣ ለወንዙ፤
«እናንተው ጻፉት» አልን፣ እርሳሶች ተያዙ።
ተለጣፊ ነጥቦች አደልኩ በቀለም፤
ሰማያዊ ለወንዝ፣ ቀይ ለሙታን ዓለም፣
ቢጫው ለሥራሥሩ፣ አረንጓዴው ለደን።

መጀመሪያ ዝም አሉ።
ሰባት ዕቅድ ያዩ ሰዎች ናቸውና፣
ሰባቱም መደርደሪያ ላይ አቧራ ያዘሉ።

ከዚያ ኦርቪል ቆመ፣ የጣውላ ቤቱ ሰው፣
ሁለት ጣቱን ድሮ መጋዝ የወረሰው፤
«ልጅ ያሳደግኩበት ጫካ ነው» አለና፣
«አትቁረጥ ካላችሁ፣ ንገሩኝ በጤና።
ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ያን ክረምት ስንራብ፣
ማን ነጥብ አደለን? ማን ጠየቀን ሐሳብ?»

የእህቱ ልጅ ዴልፊን፣ የእሳት ጓድ አባሏ፣
ተነሣች፤ ጢስ ገና አልወጣም ከቃሏ፦
«አጎቴ፣ ያኔ ነሐሴ ሦስት ቀን ሲነድ፣
እሳቱም አልጠየቀን የቱን ዛፍ እንደሚወስድ።»

ቀስ በቀስ ለጠፉ፣ ነጥብ ከነጥብ ተርታ፣
አንዱ የአያቱን ምንጭ፣ አንዷ የእንጆሪ ጉብታ፣
አንዱ ደግሞ ሚስቱን ያገኘባትን ቦታ
(ለዚህ ቀለም አልነበረኝም፤
አረንጓዴ ሰጠሁት)።
አንድ ልጅ ካርታው ሥር ተንበርክኮ ኖሮ፣
«ዓሣውስ የት ሄደ?» አለ አንገቱን አዙሮ።
ማንም አልመለሰ።
«ግድቡን የሠሩ ጊዜ ስብሰባ አልጠሩንም»
አለ አንድ ሽማግሌ፣ ለራሱ።

ሉዌላ መጣች፣ ምርኩዟን ወንበር ላይ ሰቅላ።
ነጥብ አልያዘችም።
«እማማ፣ ሥር የምትቆፍሩበትን ያሳዩኝ» አልኳት።
ሳቀች።
«ካርታ!» አለች፣
«አባቴም ነበረው፤ ካርታ፣ ባለ ማኅተም።
ካርታ የሚበውዝ ሰው ግን ተበልቶ አያውቅም።»

ከዚያ መዳፏን ገልብጣ
ተራራው ላይ አሳረፈች፣ አምስቱን ጣት ዘርግታ፦
«የእጄን ዙሪያ በእርሳስ አስምር።
ከዚህ እጅ በታች ነው። የቱ ጋ? አልናገር።
ለሚያውቀው ሰው ነጥብ ምን ሊያደርግለት?
ለማያውቀው ደግሞ ማን በር ከፈተለት?»

አሰመርኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ።
በሪህ የጎበጠ ጣቷ ድንበር ሆኖ ተቀመጠ፤
አውራ ጣቷ ግን ወጣ፣ አልፎ ሄደ፣
የኦርቪልን መቁረጫ ለሁለት ቀደደ።

ጂሙ ጸጥ። የለስላሳ ማሽኑ ብቻ አጉረመረመ።
ኦርቪል መነጽሩን ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ቆመ፤
ብዙ ቆየ።
«እሺ፣ ከአውራ ጣቷ አልደርስም» አለ፣
«ትንሿ ጣት ጋ ግን ገና ክርክር አለ።»

ሳቅ ሆነ። ሳንድዊች ዞረ።
እስከ አራት ሰዓት ተሟገትን፣
ስለ ትንሿ ጣት ያን ማታ አልጨረስንም።

በማግስቱ ቢሮ፣ ኮምፒውተሩ አሻፈረኝ፣
«ይህ ቅርጽ መረጃ የለውም» ብሎ ሞገተኝ።
ሙላ አለኝ ስሙን፣ ዓይነቱን፣ ስፋቱን፤
«እጅ» ብዬ ጻፍኩና ባዶ ተውኩት ሌላ ሌላ ቤቱን።

ሚያዝያ ሲገባ አምስት ሴቶች በአንድ ፒክአፕ
ማለዳ በመስኮቴ አለፉ፤
በየትኛው መንገድ እንደታጠፉ
ቀና ብዬ አላየሁም።

ሲመሽ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር።
በሬ ላይ፣ በሱፐርማርኬት ፌስታል፣
አንድ እፍኝ ሥር አንጠልጥለው ሄዱ፣ ከነልጣጩ፤
አፈሩ አልተራገፈም።