ጥቁሩ ወደ ውጭ

ክብደቱ የአራስ ልጅ ነው፤ ትከሻዬ ያውቀዋል፣
ማሰሪያው እንደ ቀንበር አንገቴን ይዞታል።
«ባትሪ የለውም፣ ብርድ አይገድለውም» ይላል ኪሄይጂ፣
«የሚገድለው አንተን ነው፤ ጓንትህን አድርግ እንጂ!»

የካቲት ነው፣ ራኡሱ። ከሰሜን የመጣ በረዶ
ባሕሩን ደፍኖታል። ትንንሹ ጀልባ ሁሉ ከሥራ ታግዶ
ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ከወደቡ ጥግ ተኝቷል።
ፉሳኤ ከበሯ ደፍ፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ
መረብ ትጠግናለች፣ ክሩን በጥርሷ ቆርጣ።
ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። «አንሱኝ» አላለችም፣
«አታንሱኝ»ም አላለች። ቀና ብላም አላየችን።

ኪሄይጂ መቆሚያውን ተከለ፣
ወናፉን ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ መለስ፣
ከዚያ አንገቱን ደፋ።
ይህ ካሜራ ሰውን ዓይን ለዓይን አያይም፤
ጎንበስ ብለህ ነው የምታየው፣ የጉድጓድ ውሃ እንደሚያይ ሰው፣
ከታች ባለው ብርጭቆም ግራው ቀኝ ነው።
እዚያ ውስጥ ፉሳኤ መርፌውን በቀኟ ትሰዳለች፤
ስትከተላት ትሸሻለች፣
ስትሸሻት ትመጣለች።
ወር ሙሉ ሞክሬ እጄ ይህን አልለመደም።

ትንፋሽህን ያዝ፤ ብርጭቆው ጉም ይለብሳል።
የብርሃን መለኪያውን አትመን፤
በረዶ ፊት ሲቆም ሐሰተኛ ምስክር ነው፣
ነጩን «ግራጫ ነው» ብሎ ይምላል።
ሁለት እርከን ጨምርበት፣ ሳታማክረው።

«ሙላው» አለኝ።
ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጠሁ፣ ካፖርቴን ድንኳን አደረግሁት፣
ጓንቴን በጥርሴ ነክሼ፣ በደነዘዘ ጣት
የወረቀቱን ምላስ ከባዶው ዘንግ ሰካሁት፣
ቀስቱ ከምልክቱ ሲገጥም ክዳኑን ዘጋሁት።
«ጥቁሩ ወደ ውጭ?»
«ጥቁሩ ወደ ውጭ» አልኩት።

አሥር ነው። አሥር ብቻ። እንደ ወር መጨረሻ ገንዘብ ይቆጠራል።
አንዱን ለጣቶቿ፣ አንዱን ለመርፌው፤
ሦስተኛው ላይ ድመት አለፈች፤
አራት። አምስት።
መስታወቱ ሲዘል ድምፁ በር በቁጣ እንደሚዘጋ ነው፤
በስድስተኛው ቀና አለች፦
«ምን ሰበራችሁ?»
ሳቀች፤ ኪሄይጂም ሳቋ ላይ ደረሰ።
ቦታ ስንቀይር የብርሃን መከለያውን ቆርቆሮ መልሼው ነበር፣
ሰባት ላይ ካሜራው እምቢ አለ፤
ቆርቆሮውን እስክመዝ ንስሩ ከጣሪያው በላይ አልፎ ሄደ።
ሰባትን፣ ስምንትን፣ ዘጠኝን ለባሕሩ ሰጠው፤
አሥረኛው ላይ ፈቀቅ ብሎ «ና» አለኝ።
ጎነበስኩ።
ፉሳኤ ካሜራውን አላየችም፣
የምታየው ሰማያዊ የሆኑትን ጣቶቼን ነበር።

ጥቅልሉን አወጣሁ፣ ማሸጊያውን በምላሴ አራስኩ፤
የቴምብር ጣዕም አለው።

ማታ፣ በኪሄይጂ መታጠቢያ ቤት፣
ፊልሙን ከውሃው አውጥቶ ወደ አምፖሉ ከፍ አደረገው።
ጥርት ያለ ነው። ገና አሁን እንደታጠበ መስኮት።
ለፊልም ደግሞ ጥራት ሞት ነው።
ማዶ የተሰቀለው ፎጣ በፊልሙ ውስጥ እስከ ጥለቱ ይታያል።
ሳልናገር ገባኝ። አልጮኸብኝም።
ፎጣውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተና
«ፉሳኤን ያያት ወረቀቱ ነው» አለ፣
«ወረቀት ደግሞ አይመሰክርም።»
ከዚያ የውሃውን ቧንቧ ዘጋ፣ እጁን አደረቀ፣
እራት መኖሩን ነገረኝ።

በማግሥቱ ልነግራት ብቻዬን ሄድኩ።
«ታዲያ አሥር ጊዜ የተቀመጥኩት ለማን ነው?» አለች።
መልስ አጣሁ።
«ያዝ» አለችና የመረቡን ጫፍ ወረወረችልኝ፣
«ወጥር። እንደሱ አይደለም። ወጥር!»
ካሜራው ቤት ነበር።
እስከ ቀትር ወጥሬ ያዝኩ፣ ክሩ መዳፌን እየቆረጠ፣
መርፌው ሲወጣ ሲገባ እያየሁ፤
ግራኝ መሆኗን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።