ነፋስ ከየት ነው?

አሞራ ገደል ጋ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ቆርቆሮ ሽንት ቤት፣ በሩ ላይ «ሳትከፍል አትግባ»፤
ጋሽ ወንድይራድ አለ፣ በርጩማ ላይ ሆኖ፣
ሁለት ብር ይቀበላል፣ ውሃ በጆግ መጥኖ።
ካኪ ኮቱ ላይ አለች፣ መልህቅ የታተመባት፣
አንዲት የናስ ቁልፍ፣ እህቶቿ የሞቱባት።
በሩን የሚዘጋው ገመድ ነው፤ አዲስ፣ አረንጓዴ ናይለን።

ሰው ሲመጣ ይነሣል። «ነፋስ ከየት ነው?» ይላል፤
እንግዳው፣ ሆዱን ይዞ፣ ባንድ እግሩ ይዘላል።
እኔም ያን እሑድ ለት፣ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ደፍሬ፣
«ከታቦር ነው» አልኩት፣ በጥርሴ ተናግሬ።
«እንግዲያው በግራ ግባ» አለኝ፣ እየሳቀ፤
ግራ ብቻ ነው የቀረው፤ ቀኙ አምና ወደቀ።

ስወጣ እጄ ላይ ውሃ እያፈሰሰ ጀመረ፦

«ባሕር ኃይል ሳልገባ፣ ልጅ ሆኜ፣ ምጽዋ፣ ሸራ ባላት ሳንቡክ፣
ጨው ጭነን፣ ቴምር ጭነን፣ ማዕበል ላይ ስንታወክ፣
ሽንት ቤቷን ብታያት! ከኋላ የተንጠለጠለች፣
ታች የሌላት ሣጥን፣ በሁለት ገመድ ያለች።
ትገባለህ። ትቀመጣለህ። ጉልበትህ አፍህ ጋ፣
ከታች ሰማያዊ ጥልቅ፣ ከላይ የፀሐይ አለንጋ።
ማዕበል ሲመጣ፣ እሱ ራሱ ያጥብሃል፤
የቀረ እንደሆነ፣ ዓሣው ቀና ብሎ ያይሃል።

«ናኹዳችን ሽማግሌ ነበር። ያባቱን ወሬ ይነግረናል፣
ባለ ሦስት ምሰሶ የፈረንጅ መርከብ እያለ ያስቀናናል፦
“መቶ ሰው፣ ሁለት ቀዳዳ፣ ከመርከቧ ግንባር፤
ነፋሱ ከኋላ ነውና፣ ሽታው ወደፊት እንዲበር።
ወረቀት የለ፣ ቅጠል የለ፤ ገመድ ነው፣ ጫፉ የተበተነ እንደ ጭራ፣
ባሕር ውስጥ ተነክሮ፣ ለመቶው ሰው በየተራ።
አለቃው ግን ከኋላ፣ መስኮት ባለው ጓዳ፣
ለብቻው፣ በምቾት፣ ባሕሩን ሲጎዳ።”
ይኼን ሲል እንስቅ ነበር። ሆዳችንን ይዘን። ሑመድማ ያለቅስ ነበር፣ ከሳቅ ብዛት።»

ጆጉን መሬት አስቀመጠ።

«ሑመድ ጓደኛዬ ነው። አንድ ሌሊት ሆዱን ቆረጠው።
ገመዱን ጨው በልቶት ኖሯል።
ጠዋት ሣጥኗን ባንድ ጆሮዋ ተንጠልጥላ አገኘናት።
ሰው ለዚህ ይሞታል ትላለህ?
እናቱ “እንዴት ሞተ?” ብላ ጠየቀችኝ፤
“በማዕበል” አልኳት።
ባሕሩ ግን ያን ሌሊት እንደ ዘይት ተኝቶ ነበር።»

ዝም አልን። አንድ አባ ኮዳ የዓሣ ጭንቅላት ይጎትታል።
ከሐይቁ ላይ ዱካሞ፣ የጀልባ ልጅ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤
ከፊቱ አንድ ቀጭን ክር በፀሐይ ያበራል።
ጋሽ ወንድይራድ ዘሎ ተነሣ፦

«አንተ! ቅዘፍና ና! ሁለት ብርህን እኔ ልክፈል!
ሐይቁን ባሕር አደረግኸው? እንዲህ እያየሁህ? ነውር አይደል?
ባሕር ሰፊ ነው፣ ይረሳል፤ የሰጡትን ይዞ ይሄዳል፣
ይኼ ግን ማጀት ነው፤ ጥቁር ውሃ ገባ፤ በየት ይወጣል?
መውጫ የሌለው ውሃ የዋጠውን ያኖራል፣
ዛሬ የጣልከውን ነገ በቆሮሶ ያጎርስሃል!»

ዱካሞ ሱሪውን እየታገለ፣ ጀልባዋ ግራ ቀኝ አለች።
እኔ ሆዴን ዳሰስኩ፤ የጠዋቱን ጥሬ ዓሣ፤
«ከማን ይሆን የደረሰኝ?» ብዬ፣ ጆጉን ዳግም ላነሣ።

ሁለት ሴቶች መጡ፣ አንዷ ሕፃን አዝላ።
ጋሽ ወንድይራድ ወደ በሩ ሄደ፣
አረንጓዴውን ገመድ እጁ ላይ ጠመጠመ፣
ሳበው። አንዴ። ሁለቴ።
በሰውነቱ ሁሉ ተንጠልጥሎ፣ ሦስተኛ።
ከዚያ ዞር አለና፣ ፈገግ ብሎ፣
«ነፋስ ከየት ነው፣ እመቤቶቼ?»